የማውቀው ጨው

እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017

የወለተሥላሴ ደም ግፊት አልወርድ ብሏል። ዓርብ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው። በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ አለ። አያስፈልግም አልኩት። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ተምሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የማዕድን ላቦራቶሪ ሪፖርት የጻፍኩበት ሰው ነኝ። በገዛ ሚስቴ ጉዳይ፣ ፊቱን የማላየው ሰው እንዲናገርልኝ አልፈልግም። ኩላሊቷ ትንሽ ደክሟል አለ፤ አዲስ ክኒን ጨመረላት፤ ጨው ቀንሱ አለ። ስለ ጨው ሌላም ነገር መናገር ጀምሮ ነበር። "ገባኝ" አልኩት። ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ፤ አጥፌ ከዚህ ደብተር የኋላ ሽፋን ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እሷ ጨው የሌለው ወጥ አልበላም አለች። "ሣር ነው" አለች። ሚስቴ በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ እምቢ ያለችኝ በጣት በሚቆጠር ነገር ነው፤ አንዱ ይህ ሆነ። ዛሬ ሱፐርማርኬት ሄጄ መደርደሪያው ፊት ሩብ ሰዓት ቆሜ የእያንዳንዱን እሽግ ጀርባ አነበብኩ። አንዱ ሶዲየሙ በግማሽ የተቀነሰ ነው፤ በቦታው ፖታሲየም ክሎራይድ ገብቶበታል። ያው ጨው ነው። ነጭ፣ ደረቅ፣ በውሃ የሚሟሟ። ፖታሲየም ደግሞ በየአትክልቱ ያለ ነገር ነው። ሁለት ገዛሁ። የድሮውን ጨው እያየችኝ ደፋሁት።

ወጧም አልቀረባት፣ ሶዲየሙም ቀነሰ። ዲፕሎማ ያለው ሐኪም ይህን ማሰብ ነበረበት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ከገበያ ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። የእኛ ሦስተኛው ነው። ሊፍት የለም። "እግሬ የራሴ አልመስል አለኝ" አለች። ብርዱ ነው አልኩ። አስኮት ቬል፣ ይህ በሰው አገር የምንኖርበት ሰፈር፣ ከግንቦት ጀምሮ አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ አለው። ዕድሜም አለ።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ልጄ አምኃና ሚስቱ እስከዳር ከሚኖሩበት ከዌሪቢ መጡ። እስከዳር ከሴቶች ጋር ተሰብስበን ያዘጋጀነው ነው ብላ አንድ ዕቃ ሽሮ፣ አንድ ዕቃ በርበሬ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ሥራ ወዳድ ናት፤ እሱን አልክድም። ግን ቤት እንደገባች ማድቤቱን የራሷ ታደርገዋለች።

ምሳ ላይ ወለተሥላሴ "ይህ ጨው ይመራል" አለች።

"ምላስሽ የለመደውን ነው የሚፈልገው" አልኳት።

እስከዳር ቀመሰችና "እውነትም ጋሼ፣ ብረት ብረት ይላል" አለች።

"ብረት ብረት የሚለው ያመጣሽው በርበሬ ነው" አልኳት።

በርበሬውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ከመጠን በላይ ቀይ ነው። በሥራ ዘመኔ የጡብ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእጄ አጥቤ ከሥር የዘቀጠውን ሸክላ አሳይቻለሁ።

ዕቃ ሲያጥቡ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እስከዳር "እማማ እኮ ፊታቸው አመድ መስሏል። አባትህ እሳቸው የሚተነፍሱትን አየር ሳይቀር ካልመዘኑ አይለቋቸውም" አለች።

"ተዪ፣ ይሰሙሻል።"

"ይስሙ!"

ሰማሁ። ሰው በሥራው ነው የሚመልሰው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

በርበሬውን ልፈትነው ሽቦዬን አወጣሁ። የኒክሮም ሽቦ ነው፤ ጫፉ እንደ ቀለበት የታጠፈ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ሆኜ ነው የገባሁት። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ መጽሐፋቸውን አነብ ነበር፤ ቃሉ ሲያቅተኝ በመዝገበ ቃላት እፈታ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ሽቦ አስያዙኝ።

ሥራው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ሽቦው በአሲድ ይነከራል፤ ነበልባል ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ይነከራል፤ ነበልባሉ ምንም ቀለም እስከማያሳይ። እዚህ አሲድ የለኝም፤ በአቼቶ አደርገዋለሁ። ከዚያ ነው ናሙናውን ነክቶ ወደ ነበልባሉ የሚመለሰው። መዳብ አረንጓዴ ይሰጣል። ካልሲየም የሸክላ ቀይ። ሶዲየም ቢጫ። ፖታሲየም ሐምራዊ። ሶዲየም ግን ጉልበተኛ ነው፤ ቅንጣት ካለ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ኮባልት ያለበት ሰማያዊ መስታወት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በእሱ ውስጥ ሲያዩ ቢጫው ይጠፋል፤ ተደብቆ የነበረው ሐምራዊ ብቅ ይላል።

መስታወቴ ከሳጥኑ ውስጥ የለም። ወለተሥላሴን ጠየቅኋት። "እኔ እንጃ" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከተኛችበት አልተነሣችም፤ ሰዓቱ አምስት ሆኖ ነበር።

ያለ መስታወቱ ጀመርኩ። በርበሬው ገና ከነሽቦው ነበልባሉን ሲነካ ጨሰ። ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ። በመጥረጊያ እንጨት እየነካሁ ላጠፋው ስታገል በሩ ተንኳኳ። ከፊት ለፊታችን የሚኖረው ሙሔ ነው፤ ኮምቦልቻ እህል ነጋዴ የነበረ፣ የወሎ ሰው፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ።

"ጋሼ ልዑልሰገድ! የሚነደው ሕንፃው ነው ወይስ እርስዎ?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

እያሳለ ገባ። ሽቦውን አየ፣ በርበሬውን አየ፣ የደረደርኳቸውን ሲኒዎች አየ። ነገርኩት።

"እኔ እህል ስነግድ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማሽላዬን አይነካም ነበር" አለ። "መጀመሪያ ሚዛኔን ነበር የሚመዝነው።"

"ይህ ላቦራቶሪ ነው ሙሔ፣ ገበያ አይደለም።"

"ወላሂ፣ ሽታው ግን የገበያ ነው" ብሎ ስቆ ወጣ። ደረጃው ላይ ሳቁ ይሰማኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ዛሬ በሥርዓቱ ሠራሁት። የማይታወቅ ነገር ብቻውን አይፈተንም፤ ከሚታወቅ ጎን ነው የሚፈተነው። አንድ ዓይነት ሽቦ፣ አንድ ዓይነት ነበልባል፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ። ሽሮውንና በርበሬውን ለየብቻ በውሃ በጠበጥኩ፤ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጠለልኩ። መነጻጸሪያዬ የገዛ ቤቴ ጨው ነው። የማውቀው እሱን ነውና።

ውጤት። በርበሬ፦ ደካማ ቢጫ። ሽሮ፦ ኃይለኛ ቢጫ። የእኔ ጨው፦ ቢጫ፣ ግን ጠርዙ ላይ ፈዘዝ ያለ። ሶዲየሙ ስለተቀነሰ ነው፤ ልክ ነው።

ስለዚህ ሽሮው ውስጥ ተራ ጨው አለበት። እኔ በአንድ በር ያስወጣሁትን እነሱ በሌላ በር አስገብተውታል። ሚስቴን የሚያደክማት ይህ ነው።

ሁለቱንም ዕቃ ወርጄ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት። ከእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ በብልቃጥ አስቀርቻለሁ፤ ቀኑን ጽፌበታለሁ። ናሙና አይጣልም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

አምኃ ደወለ። ከላቨርተን ኖርዝ ከሌሊት ሺፍት እየተመለሰ ነበር፤ የመኪናው ድምፅ ይሰማል። እናቱ ነግራዋለች።

"አባዬ፣ ሽሮ ውስጥ ጨው ይገባል። ሁልጊዜም ይገባል። ማን የማያውቀው ነገር አለ?"

"ለታመመ ሰው አይገባም።"

"እና ስልክ አይደወልም? እስከዳር ቅዳሜዋን ሙሉ የለፋችበትን ቆሻሻ ውስጥ?"

"በእሳት አይቼዋለሁ አምኃ።"

በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አጉተመተመ። ከዚያ "ከእንግዲህ ምግብ አላመጣም ብላለች" አለኝ።

"አታምጣ።"

ስልኩን ስዘጋ ወለተሥላሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቃኑን ይዛ። "ልጅን ከቤት ማራቅ ለአንተ ቀላል ነው" አለችኝ። እውነት ለማንም አይቀልም አልኳት። ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው እንደዚያ አይመስልም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ጾሙን አልተውም ብላለች። ድንች፣ ምስር፣ ቲማቲም። እኔው ነኝ የምሠራው፤ እሷ ማድቤት መቆም አልቻለችም። ጨው አነሰው ስትል ጨመርኩላት። ይህኛው ስለማይጎዳት እጄን አልሰበስብም።

ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ጣቶቼ ደነዘዙ አለች። ስብርባሪውን ስለቅም "አትቆጣኝ" አለች። አልተቆጣሁም ነበር። ፊቴ ነው እንዲህ የሆነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

"ልቤ ቆም ይልና እንደገና ይነሣል" አለችኝ። የእጇን ትርታ ቆጠርኩ። በደቂቃ አርባ ስድስት። ሦስቴ ቆጠርኩ። ሰዓቴ መጠገን አለበት።

"ለአምኃ ደውልለት" አለች።

"ሰኞ ክሊኒክ ቀጠሮ አለሽ።"

አልደወልኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ወደቀች። መታጠቢያ ቤት በር ላይ። ሙሔን ጠራሁ፤ ሚስቱ ዓሊማ ራሷን ደግፋ ይዛ አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች። አምቡላንስ። በደረጃው በወንበር አወረዷት። እጇ ቀዝቃዛ።

ሆስፒታል። የልብ ማሽን። በደም ሥሯ ካልሲየም ሰጧት። ደሟ ውስጥ ፖታሲየም ሰባት ነጥብ አንድ ነው አሉ፤ ከአምስት ብዙ ማለፍ አልነበረበትም።

ፖታሲየም አሉ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ተርፋለች። ትርታዋ ስልሳ ደርሷል። ሐኪሟ በዕድሜ የበሰለች ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየምን አያወጣም፤ አዲሱ ክኒንም ይይዘዋል፤ እንዲያም ሆኖ ይህን ያህል አይደርስም፤ ከሚበላ ነገር የመጣ አለ አለች። እኔም አምኃም እስከዳርም አልጋው ዙሪያ ቆመናል። አስተርጓሚ ልጥራ አለች። አያስፈልግም አልኩ።

ምን ትበላለች አለችኝ።

"ከልጄ ሚስት ቤት የመጣ ሽሮና በርበሬ ነበር" አልኳት። "ምን እንደገባበት አላውቅም።"

እስከዳር የምትይዘውን አጣች። ቦርሳዋን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ እማማን የምመርዛቸው?" አለች። ያየችው እኔን ሳይሆን አምኃን ነበር። አምኃ ደግሞ ጫማውን። ወጥታ ሄደች። መጋረጃ ብቻ ነው የሚለየን፤ ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ ሰማኋት።

ያልኩት ውሸት አይደለም። አላውቅም ነው ያልኩት።

ሐኪሟ ሐሙስ ወደ ቤት ትሄዳለች ትላለች። "ምንጩን ካላገኘነው ግን ተመልሳ ትመጣለች። ያን ጊዜ ላንደርስላት እንችላለን።" እንግሊዝኛው ግልጽ ነበር። ሁሉም ቃል ገብቶኛል።

ከሽሮው ነው። ሌላ ከየት ይመጣል? ብልቃጦቹ አሉ፤ መስታወቱ ቢገኝ በአንድ ሰዓት አሳያቸው ነበር። ይህን ደብተር ወደ ኋላ እየገለጥኩ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ቤቱን ገለበጥኩት። የለም። ከሰዓት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። መናገር ጀምራለች።

"እጅህ አቧራ ነው" አለችኝ። "ምን ስታምስ ዋልክ?"

"ሰማያዊውን መስታወት።"

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መሰለኝ።

"የስፌት ሳጥኔ ውስጥ ነው። በመሐረብ ጠቅልዬዋለሁ።"

"የእኔን የሥራ ዕቃ? ለምን?"

"ሳንጋባ በፊት ላቦራቶሪው ድረስ ወስደኸኝ በእሱ ነበልባል አሳየኸኝ። ሐምራዊ ነበር።" ትንፋሽ ወሰደች። "እንዳደንቀው ብለህ ያሳየኸኝ ነገር እሱ ብቻ ነው ልዑል። ከዚያ ወዲህ ያሳየኸኝ ሁሉ ልታርመኝ ነው።"

ነርሷ መጥታ ክኒን ሰጠቻት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ጠዋት መጋረጃውን ዘጋሁ። የጭስ ደወሉን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፈንኩት። መስታወቱ ከመሐረቡ ሲወጣ አንድም ጭረት የለበትም። እኔ ጋ በነበረበት ዘመን ጠርዙ በእሳት ጠቁሮ ነበር፤ አሁን ንጹሕ ነው።

ሽቦውን አምስት ጊዜ አነጻሁት።

መጀመሪያ ሽሮው። በመስታወቱ ውስጥ ደካማ ሐምራዊ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ማንኛውም እህል ያን ያህል አለው። በርበሬው፣ ያው። ሸክላም የለበትም፤ ማጥለያው ላይ የቀረውን በጣቴ አሸሁት፤ ፍሬና ልጣጭ ብቻ ነው።

ከዚያ መነጻጸሪያዬን ነካሁ። ሥርዓቱ ስለሆነ ብቻ።

ሐምራዊ። ብልጭታ አይደለም። ቆመ። ሽቦው ላይ ያለው እስኪያልቅ ድረስ ቆመ። በዓይኔ ሳየው ቢጫ ነው፣ በመስታወቱ ስጋርደው ሐምራዊ፤ ሳነሣው ቢጫ፣ ስጋርደው ሐምራዊ። ሽቦው ቆሽሾ ይሆናል ብዬ እንደገና አነጻሁት። ደገምኩት። ደገምኩት።

አንድ ነገር ቀረ። ሲኒ ይዤ የሙሔን በር አንኳኳሁ።

"ቁንጣሪ ጨው ስጠኝ።"

"ጨው አለቀባችሁ እንዴ ጋሼ?"

"የእኔን ልመዝነው ነው።"

ፊቴን አየ። አልሳቀም። ገብቶ ሲኒውን ሞልቶ አመጣልኝ።

የሙሔ ጨው በዓይን ደማቅ ቢጫ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ምንም የለም። ሰማያዊ ባዶ።

ጋዙን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ የዚህን ደብተር የኋላ ኪስ ከፈትኩ። የክሊኒኩ ወረቀት እንዳጠፍኩት ነው። ሁለተኛው ገጽ፣ በደማቁ የተጻፈ፦ ፖታሲየም ያለበትን የጨው ምትክ አይጠቀሙ። ወጣቱ ሐኪም ሊናገር የጀመረው ይህን ነበር። ገባኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ግንቦት 10 የጻፍኩትንም አነበብኩት። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ቃሉ እዚያ አለ። ሆስፒታሉ ውስጥ ፖታሲየም ሲሉኝ ቃሉን ከየት እንደማውቀው አልጠፋኝም ነበር። ይህን መጻፍ ስላለብኝ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ለአምኃ ደውዬ ከእስከዳር ጋር ና አልኩት። አትመጣም አለ። እለምንሻለሁ በልልኝ አልኩት። "ምን አልክ?" አለ። ደገምኩለት።

ሐኪሟ ስትመጣ አስተርጓሚ ጥሪልኝ አልኳት። በእንግሊዝኛ ብናገር የሚያመልጠኝ ቃል እንዳለ አውቃለሁ፤ አላውቀውም ብዬ የምዘለው። በአማርኛ መዝለያ የለኝም።

ስልኩን በወለተሥላሴ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጡት። የሴት ድምፅ ነው፤ ወጣት ናት። እሽጉን ከከረጢቱ አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በእስከዳር ፊት አኖርኩት።

"የምናገረውን አንድም ቃል ሳትዘይ ተርጉሚ" አልኳት ስልኩን።

"እሺ አባቴ።"

"ይህን ጨው የገዛሁት እኔ ነኝ። ግማሹ ፖታሲየም ነው። ከመግዛቴ በፊት አንብቤዋለሁ። ሐኪም ሊያስጠነቅቀኝ ሲል አቋርጬዋለሁ። ከአምስት ሳምንት በላይ በእጄ አብልቻታለሁ፤ ሲያንሳት ጨምሬላታለሁ። ልቧ ሲደክም ቆጥሬ ዝም ብያለሁ። ቅዳሜ የሌላ ሰው ስም ጠርቻለሁ። ያ ሰው ምንም አላደረገም።"

ከዚያ ልጅቷ ተረጎመችው። ሁሉንም ተረጎመች፤ እየተከታተልኩ ነበር። ሐኪሟ እሽጉን ገልብጣ አነበበች፤ ፎቶ አነሣችው፤ ቀና ብላ "አመሰግናለሁ" አለች። ባትለኝ ይሻል ነበር።

ወደ እስከዳር ዞርኩ። "ሽሮው ንጹሕ ነው" አልኳት።

"ይቅርታ የሚጠይቁት ሽሮውን ነው?"

አምኃ ሊያቋርጣት ነበር፤ እጄን አነሣሁበት። ልክ ናት።

"አንቺን ነው። ይቅር በዪኝ ልጄ።"

ወንበሯን ስባ ወለተሥላሴ አጠገብ ተቀመጠች፤ እሽጉን ከጠረጴዛው አንሥታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ናሙና አይጣልም ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

መጣች። ሦስት ፎቅ፣ በየፎቁ ዕረፍት። ሙሔ ወንበር ይዞ ከኋላ ከኋላ ይወጣል፤ በቆመች ቁጥር ያስቀምጥላታል። "እንደ ንግሥት" ይላታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳቀች።

እስከዳር ቀደም ብላ መጥታ ማድቤቱን የራሷ አድርጋዋለች። ጨው የሌለው ወጥ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ። ወለተሥላሴ ቀመሰችና "ሣር ነው" አለች። በላችው። እኔም በላሁ። ሣር ነው።

እነ አምኃ ከሄዱ በኋላ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ።

"ሐምራዊው ታየህ?" አለችኝ።

"ታየኝ።"

"ያኔ እንዳሳየኸኝ ነው?"

"ከዚያ ይደምቃል።"

እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ እንድይዘው መሰለኝ። መስታወቱን ነው የፈለገችው። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ጠርዙን አየችው፤ ያጠቆርኩትን በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ በመሐረቡ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አደረገችው።

"ሁለተኛ ስትፈልገው እኔን ትጠይቃለህ" አለች።

"እሺ" አልኳት።